ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ አባባ

የልጅ ልጄ ቲልዳ መታጠቢያ ቤት ከገባች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። ውሃ ሲፈስ አይሰማም። መጀመሪያ ወድቃ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። የዚያ ክፍል ወለል እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ የማያንሸራትት ምንጣፍ ግዙ ብዬ ስንት ጊዜ ለፈለፍኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ ግን ድምፅዋን ሰማሁ። ከመስታወቱ ጋር ታወራለች። ታነባለች፣ ታቆማለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ጓዶች፣ እኔ በግሌ...»

በሩን ላንኳኳ ያነሳሁት እጄ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ይህን ንባብ አውቀዋለሁ። ቃላቱን ሳይሆን አነባበቡን፤ ያን ጉሮሮ መጥረግ፣ ያን ከመጀመሪያው መጀመር። ዘጠኝ ዓመቴ እያለ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ፖላንድ፣ ዉጅ ከተማ ነበር። አባቴ ሌዎን ታውብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነው። የጥፍሮቹ ዙሪያ ታጥቦ አይጠራም። በዚያ ሳምንት ፋብሪካው ሰማያዊ ይንከር ቡናማ፣ እራት ላይ ዳቦ ሲቆርስ እጁን አይቼ አውቃለሁ። ፓርቲው ውስጥ የገባው ገና ጢም ሳያወጣ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ዋናው ሥራው ሌላ ነበር። በየዓመቱ በወዛደሮች ቀን ሰልፍ ላይ የፋብሪካው ትልቅ ቀይ ጨርቅ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ከፊት ይሄዳል፤ የግራውን እንጨት አባቴ፣ የቀኙን ጋሼ ስታኽ ይይዛሉ። ጋሼ ስታኽ የመካኒኮች አለቃ ነው፣ የአባቴ ወዳጅ። ጦርነቱ ካበቃ ጀምሮ ማንም ሌላ ሰው እነዚያን እንጨቶች ይዞ አያውቅም።

ጨርቁ በፀሐይና በዝናብ ይገረጣል። ስለዚህ በየጸደዩ አባቴ ያወርደዋል፤ እናቴ የተሰፉትን ነጫጭ ፊደሎች ትፈታለች፤ እሱ ወደ ፋብሪካ ወስዶ በገዛ እጁ እንደገና ይነክረዋል። ለማንም አይሰጥም። አንድ ጊዜ ጋሼ ስታኽ ላግዝህ ቢለው፣ «አንተ ቡሎንህን አጥብቅ! ቀይ ቀለም መካኒክ አይወድም» ብሎ አባረረው። ሁለቱም እስኪያንቃቸው ሳቁ። ያ ጨርቅ ሲመለስ ቤታችን ለሁለት ቀን ይሸታል። አባቴ በጣቱ ፈተግ ያደርገውና ጣቱን ያሳየኛል። ንጹሕ ነው።

«አየሽ ሄልካ? የኛ ቀይ አይለቅም።»

በፈረንጆቹ 1968 መጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከአይሁዶች አገር፣ ከሃይፋ፣ ጥቅል መጣልን። የላከችው አክስቴ ራኬላ ናት። ከስምንት ወንድምና እህት ከጦርነቱ የተረፉት እሷና አባቴ ብቻ ናቸው፤ እሷ ወደዚያ ሄደች፣ እሱ እዚህ ቀረ። በጥቅሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ብርቱካኖች ነበሩ፣ እያንዳንዱ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ። በዚያ ዘመን በኛ ከተማ ብርቱካን ማለት የገና ሰሞን ሰዎች ተሰልፈው የሚያገኙት፣ አንዱን ለአራት የሚካፈሉት ነገር ነው። አሥራ ሁለት! እናቴ ገኒያ መጋረጃውን ጋረደች።

«እዚሁ ይበላል» አለችኝ። «ግቢ ይዘሽ አትወጪም። ትምህርት ቤት ይዘሽ አትሄጂም። ልጣጩን ለእኔ ትሰጪኛለሽ።»

«ለምን?»

«ሰው ያምረዋላ።»

ልጣጩን ምድጃው ውስጥ አቃጠለችው። እኔ ሰው እንዳያምረው ብላ ነው ብዬ አመንኩ። እናቴ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው፤ ከባንኮኒው ወዲያ የቆሙ ሰዎች የሚያወሩትን ሁሉ ሰምታ ነው የምትመጣው። በዚያ ወር ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ ጽዮናውያን ያወራል። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ከሬዲዮው አነጋገር ድልድይ የሚያፈርሱ ሰዎች መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ እየጠጣን ጠየቅሁ።

«አባባ፣ እኛ ምንድን ነን?»

«ኮሚኒስቶች ነን» አለ አባቴ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ግን የሚያስቅ ነገር እንደሰማ ሰው አልነበረም። «ይህን ለነሱ ንገራቸው» አለችው።

ዓርብ ማታ አባቴ ፊቱ በርቶ ገባ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ ማክሰኞ ከፈረቃ በኋላ ትልቅ የፓርቲ ስብሰባ እንዳለ፣ እሱም ንግግር እንዲያዘጋጅ በኮሚቴው እንደተጠየቀ ነገረን። ስለ አቋሙ። ስለ ሕይወቱ። በግልጽ።

እናቴ ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ተወችው። «ስታኽስ? እሱንም አዘጋጅ ብለውታል?»

«ስታኽ ምን ያዘጋጃል? እኔን ብቻ ነው የጠየቁኝ።»

«አንተን ብቻ።»

«ፓርቲው አንድን ጓድ ሲጠይቅ ለመስማት ፈልጎ ነው፣ ገኒያ። አንቺ ሁልጊዜ ክፉ ነው የሚታይሽ።»

እናቴ ድስቱን ከምድጃው አወረደች። እኔ ግን ደረቴ በኩራት ተነፋ። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ የተመረጠው አባቴ ብቻ ነው! ጋሼ ስታኽ እንኳን አልተመረጠም። ጥሩ አንባቢ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን የመሰለ ዜና ይዞ ዝም ማለት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ያኔ ቅዳሜም ትምህርት ነበር፤ ጠዋት እናቴ ጀርባዋን ስታዞር አንድ ብርቱካን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በእረፍት ሰዓት ለስምንት ሴቶች ልጆች አካፈልኩ። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ፍንካች ደረሳት። የጋሼ ስታኽ ልጅ ቦዠና የልብ ጓደኛዬ ስለነበረች ለእሷ ሁለት ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ጣቶቿን ስታሸት ዋለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«አክስቴ ልካልን። ከሃይፋ።»

«ሃይፋ የት ነው?»

«ባሕር አለው» አልኩ። የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ አባቴ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ ቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመ። ለብሶ ነበር፤ ክራቫት ሳይቀር አስሯል። እኔን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ።

«አንቺ አዳራሹ ነሽ። ስሚና ንገሪኝ።»

«ጓዶች፣ እኔ በግሌ...» ብሎ ጀመረ። ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና ጀመረ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ እስር ቤት፣ ፋብሪካው ከፍርስራሽ ስለተነሣበት ክረምት። ግማሹ አልገባኝም። ድምፁ ግን ከገጽ ገጽ እየወረደ ሄደ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እናቴ ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ የሚሰማው ኳኳታ ይበልጠው ጀመር።

«እንዴት ነው ሄልካ?»

«ጥሩ ነው። ግን ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ አባባ። ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙህም።»

«ልክ ነሽ» አለ። ከፍ አደረገው። እኔ አጨበጨብኩ።

አራተኛውን ገጽ አላነበበልኝም። አጥፎ ኪሱ ከተተውና «ይህን ገና አልጨረስኩትም» አለ።

ማክሰኞ ግቢያችን ውስጥ ያለው የምንጣፍ ማራገፊያ ብረት ላይ ተንጠልጥዬ ጠበቅሁት። የዉጅ ልጆች ያደግነው በነዚያ ብረቶች ላይ ነው፤ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ጭንቅላታችንን ወደ መሬት ዘቅዝቀን። እናም አባቴ ሲመጣ ተገልብጬ ነው ያየሁት። እግሩ ከላይ፣ ባርኔጣው ከታች። ሳያየኝ አለፈ። ተገልብጬ ስለሆነ አላወቀኝም አልኩ።

ረቡዕ ሥራ አልሄደም። ሐሙስም። የፒጃማውን ሱሪ እንደለበሰ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍሮቹን ያያል። ጥፍሮቹ እየነጡ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቦዠና ብረቱ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ስጠጋ ወረደች።

«እማዬ ከአንቺ ጋር እንዳልጫወት ብላኛለች።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከላይኛው ፎቅ ያለ አንድ ልጅ እግሩን እያወዛወዘ፣ «ወደ ብርቱካን አገርሽ ሂጂ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ቦዠና አልሳቀችም፤ መሬት መሬት ታይ ነበር። ጣቶቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ነበር።

በቃ፣ ገባኝ። እናቴ አትውሰጂ ያለችኝን ወሰድኩ። ቦዠና ለአባቷ ነገረች። ጋሼ ስታኽ ለፋብሪካው ነገረ። አባቴ አሥራ ሁለት ብርቱካን ደብቆ ሲበላ ተገኘ፤ ለዚያውም ያን ቆንጆ ንግግር ሊያደርግ በተመረጠበት ሰሞን። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። የቀሩትን ብርቱካኖች እናቴ ስትሰጠኝ ሆዴን አመመኝ አልኩ። አባቴ ከጠረጴዛው ማዶ አየኝ። ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

የወዛደሮች ቀን ሲደርስ አባቴ በማለዳ ተነሥቶ ተላጨ። ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ኮቱ ላይ ቀይ አበባ ሰካ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ «ሌዎን፣ አውልቀው» አለችው፤ አላወለቀም። ከታች የባንዱ ሙዚቃ ይሰማል። እሱን እንዲያ ሆኖ ተቀምጦ ማየት አልቻልኩም። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ቀስ ብዬ ወጣሁ። አስቤበታለሁ፤ ለጋሼ ስታኽ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ይረዳል፣ እንጨቱን ለአባቴ ይመልሱለታል።

ፋብሪካው የሚሰለፍበትን ጥግ አውቀዋለሁ። ጨርቁ ከሩቅ ታየኝ፤ አባቴ በጸደዩ መግቢያ የነከረው፣ ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ጨርቅ ሁሉ ደምቆ። ቀኙን እንጨት ጋሼ ስታኽ ይዟል። ግራውን አንድ የማላውቀው ወጣት። በሰው እግር መሃል ተሹለክልኬ ደረስኩ።

«ጋሼ ስታኽ፣ እኔ ነኝ። ብርቱካኑን ትምህርት ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባባ አላወቀም። ለኮሚቴው ንገርልኝ።»

ጋሼ ስታኽ ወደ ታች አየኝ። በልደቴ ቀን ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ የሚዞር፣ ሞተር ብስክሌቱን «ፈረስሽ» የሚለኝ ሰው ነው። ጉንጩ ሲርገበገብ አየሁ።

«ማን ላከሽ?» አለ በዝግታ።

«ማንም።»

ወጣቱ ከማዶ አንገቱን አስግጎ፣ «ጓድ ስታኽ፣ ማናት ልጅቷ?» አለው።

«እኔ እንጃ» አለ ጋሼ ስታኽ። «አላውቃትም። ከወላጆቿ ጠፍታ ይሆናል።»

ከዚያ ባንዱ ጀመረ፣ ጨርቁም ተንቀሳቀሰ፣ እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰዎች እየገፉኝ አለፉ። አንዲት ሴት «ሚሚዬ፣ እናትሽ የት ናት?» አለችኝ። ጨርቁን በዓይኔ ተከተልኩት። ጥፋቴ እንዲህ ትልቅ ነው ማለት ነው አልኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው እስከማያውቀኝ ድረስ። ያን ጊዜ የገባኝ እንዲህ ነው። ዛሬ የገዛ ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ሳስበው፣ ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ከእኔ ይልቅ ልጅ ነበር።

በመስከረም ከአገር ወጣን። አገር የለሽ የሚያደርግ አንድ ወረቀት ሰጡን፤ በመርከብ ስዊድን ገባን፤ ማልሞ ላይ ቀረን። አባቴ እዚያ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራ። ነጭ አንሶላ፣ ሌላ ምንም ቀለም የለም። በቤታችን ስለዚያ ዓመት አይወራም። እሱ ጋዜጣውን ያነባል፣ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ቀና ስል እያየኝ አገኘዋለሁ፣ ወዲያው ዓይኑን ይመልሳል። አጥፍቻለሁና ዓይኔን ማየት ጠላ እል ነበር። ሱቅ ውስጥ ብርቱካን እንደ ድንች በክምር ይሸጣል። አንድም ቀን አልነካሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረን፣ ከዚያ ሞተ።

እውነቱን የሰማሁት ከእናቴ ነው፣ በመጨረሻዋ ዓመት፣ የአረጋውያን ቤት ሆና። ነርሷ ለሁለታችንም የተላጠ ብርቱካን በሳህን አመጣች። የእኔን ወደ እናቴ ገፋሁት።

«ዛሬም አትበዪም?» አለች። «አባትሽ እኮ በዚህ ነገር ሞተ።»

«በምኑ?»

«ብርቱካን ስትተዪ። ‹ሄልካ አፈረችብኝ› ይለኝ ነበር። ‹እህቴን አሳልፌ እንደሰጠሁ አውቃለች፤ ለዚያ ነው ብርቱካን የማትነካው።›»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ያኔ ነው አራተኛውን ገጽ የነገረችኝ። አባቴ በዚያ ስብሰባ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ራኬላ ራሱ ተናገረ። ደብዳቤዎቿን፣ ጥቅሉን፣ አሥራ ሁለቱን ብርቱካኖች። ከፓርቲ የሚደበቅ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር፤ ሁሉን ከነገራቸው ንጹሕ መሆኑን ያያሉ ብሎ። ከአዳራሹ አንዱ «ልጣጩንስ?» ብሎ ጮኸ፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲያልቅ ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበበ። ውሳኔው በጽሕፈት መኪና ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከፊቱ ተቀምጦ ነበር። አባቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት።

«አይሁድ መሆናችንን ይዘው ጽዮናዊ ብለው አባረሩት» አለች እናቴ። «አንድም ጸሎት የማያውቅ ሰው። ስታኽም እጁን አወጣ።»

«ሁሉም አወጡ?»

«ሁሉም። አባትሽም አወጣ።»

«አባባ? በራሱ ላይ?»

«ምን ነካህ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ሁሉም ሲያወጣ እጄ ብቻውን ወጣ፣ ገኒያ› አለኝ።» የብርቱካኗን ፍንካች አፏ ውስጥ ከተተች። «እኔም ‹ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች› ብዬ ሳልነግርሽ ተውኩት።»

ነርሷ ሳህኑን ልትወስድ ስትመጣ እያለቀስኩ አገኘችኝ፤ እናቴን ያመማት መስሏት ደወል ልትደውል ነበር። በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። እሱ እኔ ያፈርኩበት መስሎት፣ እኔ እሱ የጠላኝ መስሎኝ። ለአንድ ቃል ብንደፍር ኖሮ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃን ነበር።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ድንገት ተከፈተ።

«እምዬ! ስታዳምጪኝ ነበር?»

«ወለሉ ያንሸራትታል ብዬ ነው። ጸጉርሽ እርጥብ ነው እንዴ? መስኮቱ ክፍት ነው።»

«ጸጉሬን አልታጠብኩም። ነይ ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ነገ የፖለቲካ ክበባችን ፊት የማነበው ነው። እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቲልዳ የቤት ኪራይ ሲወደድ፣ ነርሶች ሲባረሩ፣ ጦርነት ሲነሣ አደባባይ የምትወጣ ልጅ ናት። በብርድ ስትወጣ ሻርፕ የምጠቀልልላት እኔ ነኝ። አክስቴ ራኬላ በሄደችበት አገር ስላለው ጦርነት የጻፈችው ጥሩ ነበር፤ ስለ ሞቱት ሕፃናት ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ። ቀጠለች። «ምንም እንኳ ስሜ ታውብ ቢሆን...» ስትል ግን ድምፅዋ ወረደ። ያን ስም ያወረስኳት እኔ ነኝ። ቀሪውን አጥፋ ያዘችው።

«መጨረሻውን ገና አልጨረስኩትም» አለች። «ሰብሳቢነቱን እንድቀጥል አቋሜን ግልጽ ላድርግ ነው ነገሩ። ሊኔያ ናት የጠየቀችኝ። ክፋት የላትም እኮ፣ እምዬ፣ ታውቂያታለሽ።»

አውቃታለሁ። ሳሎናችን ወለል ላይ አብረው መፈክር ሲቀቡ ሁለቱንም ሳንድዊች ሠርቼ አብልቻለሁ። አትሂጂ ልላት አፌ ላይ መጣ፤ ወረቀቱን ልቀማት እጄን በላኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ብላትም ትሄዳለች፣ ብቀማትም እንደገና ትጽፈዋለች። እናቴ ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ ትታ የጠየቀችውን፣ እኔ ሰምቼው የኮራሁበትን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ክበቡ ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«ሃያ ምናምን።»

«ከአንቺ ሌላ ማን አዘጋጅ ተባለ?»

ቲልዳ ወረቀቱን አየች። ጠርዙን በጥፍሯ ፈተገችው፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው።

«ማንም» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማኝ።

ከፍ አድርጊው አላልኳትም።